ብር አለ፣ መክፈያ የለም

ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ካለ አንድ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ ነው የምሠራው። አንድ ጠዋት ፈረንሳዊ ባልና ሚስት ጀልባ ይዘው ዘጌ ሄዱ። ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ተሳልመው፣ የዘጌን ቡና ጠጥተው፣ ፀሐዩ ሳይከር ተመለሱ። ወደቡ ላይ ሰውዬው ሊከፍል ስልኩን አውጥቶ ለባለጀልባው ዘረጋለት፤ አገሩ ዳቦ ቤት የቆመ ነው የመሰለው። ባለጀልባውም የራሱን ስልክ አውጥቶ የቴሌብር ቁጥሩን አሳየው። ስልክና ስልክ ይዘው ተፋጠጡ።

ሁለቱም ገንዘብ አላቸው። ሁለቱም ጥሬ ገንዘብ መያዝ ትተዋል። ችግሩ የአንዱ ስልክ የሌላውን አለማወቁ ነው። በባጃጅ ኤቲኤም ፍለጋ ወጣን። የመጀመሪያው እንደ ልማዱ «ሲስተም የለም» አለ። ሁለተኛው ሰጠን። ባለጀልባው ሙሽት አሳውን በልቶ እስኪጨርስ ደረስን።

ይኸው ነገር ተገልብጦ እኛ ላይ ሲመጣስ? ከባሕር ዳር ዛሬ የማይሄድ ሰው የለም። ዕቃ ሊያመጣ ጓንዡና ዱባይ የሚመላለስ አለ። ለትንሣኤ ኢየሩሳሌም የሚወርድ አለ። ለሕክምና ሕንድ የሚሄድ አለ። እኔም ባለፈው ጊዜ ከእህቴ ጋር ለስምንት ቀን ናይሮቢ ነበርኩ። ከመሄዴ በፊት «እኔ እኮ ፈረንጅን ሳስተናግድ የኖርኩ ነኝ፣ ምን ይጠፋኛል?» ብዬ ነበር። ብዙ ነገር ጠፍቶኛል።

ከሥሩ እንጀምር። ካርዱ ውስጥ ገንዘብ የለም። ካርድ ጥያቄ ተሸክሞ የሚሄድ መልእክተኛ ነው። ናይሮቢ ሱቅ ውስጥ ማሽኑ ላይ ሲነካ፣ ጥያቄው መጀመሪያ የሱቁ ባንክ ጋ ይደርሳል። ከዚያ ወደ ቪዛ ወይም ወደ ማስተርካርድ ይሻገራል። እነሱ ደግሞ ካርዱን ለሰጣችሁ አዲስ አበባ ላለው ባንክ ይጠይቁላችኋል፦ «ይህ ሰው ይህን ያህል አለው ወይ? ልፍቀድለት?» መልሱ በዚያው መንገድ ይመለሳል። ይህ ሁሉ ጥቂት ሰከንድ ነው። ከሰንሰለቱ አንዷ ቀለበት ከተበጠሰች መልሱ «አይሆንም» ነው። ውጭ አገር «ሲስተም የለም» አይሏችሁም፤ ማሽኑ «ዲክላይንድ» ብሎ ጸጥ ይላል፣ ከኋላችሁ የተሰለፈው ሰው ደግሞ ያያችኋል።

አሁን ኪሳችሁ ውስጥ ያለውን ካርድ አውጡና እዩት። አብዛኞቻችን የያዝነው በብር ሒሳባችን ላይ የተሠራ የኤቲኤም ካርድ ነው። የአንዱ ባንክ ካርድ በሌላው ባንክ ማሽን ላይ የሚሠራው ኢትስዊች የሚባለው የባንኮች የጋራ ድርጅት ስላገናኛቸው ነው። ይህ ድልድይ ቦሌ ላይ ያልቃል። ላዩ ላይ የቪዛ ምልክት ስላለበት ብቻ ውጭ ይሠራል ብላችሁ እንዳትተማመኑ። ካርዱ ከብር ሒሳብ የሚቀንስ ከሆነ ባንካችሁን በግልጽ ጠይቁ፦ «ይህ ካርድ ከኢትዮጵያ ውጭ ይከፍላል?» የሚል ጥያቄ ነው። «ዓለም አቀፍ ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ «አዎ» ሊሏችሁ ይችላሉ፤ መልሱ ግን የካርዱን ምልክት እንጂ የሒሳቡን ፈቃድ ላይነግራችሁ ይችላል።

ውጭ የሚሠራው ከውጭ ምንዛሪ ጋር የተያያዘው ነው። የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ ያለው ሰው በዚያ ላይ ዴቢት ካርድ ሊወጣለት ይችላል። ለሌሎቻችን ያለው ቅድመ ክፍያ የሚባለው የጉዞ ካርድ ነው። ፓስፖርት፣ ቪዛ ለሚያስፈልገው አገር ቪዛውን፣ እንዲሁም የአውሮፕላን ትኬት ይዛችሁ ትሄዳላችሁ፤ ባንኩ ብራችሁን ተቀብሎ ካርዱ ላይ ዶላር ይሞላል። እንደ ሞባይል ካርድ ቁጠሩት፤ የሞላችሁትን ያህል ነው የምትጠቀሙት። ስንት እንደሚሞላላችሁና ለመሙላቱ ምን ያህል እንደሚያስከፍሉ ከባንክ ባንክ ስለሚለያይ፣ ከመወሰናችሁ በፊት ሁለት ሦስት ቦታ ጠይቁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪውን ዋጋ ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ የባንኮቹ ዋጋም አንድ አይደለም፤ በየቀኑም ይለዋወጣል። ጠዋት በስልክ የነገሯችሁን ከሰዓት በኋላ አትጠብቁ።

አሁን ዋናው ነገር ይመጣል፤ ብዙ ሰው የሚበላበት ቦታ ይህ ነው። እኔም ተበልቻለሁ።

የጉዞ ካርድ ስትይዙ ገንዘባችሁ ሁለቴ ነው የሚመነዘረው። አንዴ እዚህ፣ ብሩ ዶላር ሲሆን። ይህን ባንኩ ጋ ጨርሳችሁታል። ሁለተኛው እዚያ ነው፤ ዶላሩ የኬንያ ሽልንግ፣ የድርሃም፣ የሰቅል መልክ ሲይዝ። ይህን ሁለተኛውን ማን ይመንዝርላችሁ? ጥያቄው በአንዲት ትንሽ ስክሪን ላይ ይመጣል፣ አስተናጋጁ ማሽኑን ያቀብላችኋል፣ ሁለት ምርጫ ይታያችኋል፦ ሽልንግ ወይስ ዶላር?

እኔ ምን አልኩ? ካርዴ ዶላር ነው። እና ዶላር ነዋ! ምን ጥያቄ አለው? ነካሁት።

ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። ሽልንግ ብትሉ የሚመነዝርላችሁ ቪዛ ወይም ማስተርካርድ ነው፤ የዕለቱን ዋጋ ይወስዳል፣ ባንካችሁም የራሱ ክፍያ ካለው ይጨምርበታል። ዶላር ብትሉ ግን የሚመነዝረው ማሽኑን ያቀረበው ኩባንያ ነው። ዋጋውን ራሱ ይቆርጣል፣ ትርፉን ከላይ ይደርብበታል፣ ለነጋዴውም ያካፍላል። ባለሙያዎቹ ዳይናሚክ ከረንሲ ኮንቨርዥን የሚል ረጅም ስም ሰጥተውታል። ከሞኝ ደጅ ሞፈር ይቆረጣል ማለት ይበልጥ ያጥራል።

በቁጥር እንየው። እንበል ሒሳቡ 10,000 ሽልንግ ነው፤ የዕለቱ ዋጋ ደግሞ ዶላሩ በ129 ሽልንግ። ትክክለኛው 77 ዶላር ከ52 ሳንቲም ይሆናል። ማሽኑ ግን «82 ዶላር ልቀበልዎት?» ብሎ ይጠይቃል። ቁጥሩ በምታውቁት ገንዘብ ስለተጻፈ ደስ ይላል። አራት ዶላር ተኩል ግን ሄደች። ለስምንት ቀን በየቀኑ እንዲህ ብታደርጉ አስቡት። ደግሞ ባንካችሁ ክፍያው ውጭ አገር ስለተፈጸመ የራሱን ክፍያ ከዚያ ላይም ሊቆርጥ ይችላል። ዶላር ስለመረጣችሁ አይምራችሁም።

ስለዚህ የትም አገር ብትሄዱ የአገሩን ገንዘብ ምረጡ። ካርዳችሁ ዶላርም ይሁን ዩሮ። ኤቲኤም ላይም እንዲሁ ይጠይቃሉ፤ እዚያ ላይ «ያለ ምንዛሪ ቀጥል» የሚለውን ነው የምትነኩት። አንዳንድ አስተናጋጅ ሳይጠይቃችሁ ራሱ ዶላር ነክቶ ይሰጣችኋል። የመምረጥ መብቱ የደንበኛው ነው፤ «ሰርዝና በሽልንግ አድርግልኝ» ማለት ይቻላል። ትንሽ ፊቱን ሊያጠቁር ይችላል፣ ምንም አይደል።

ሁለተኛው ያንቀጠቀጠኝ ነገር ማስያዣ ነው። ካርዴ ላይ 400 ዶላር ነበር የሞላሁት። ያረፍንበት ቤት ስንገባ ካርዴን ተቀብለው ማሽኑ ላይ አስነኩኝ፤ «ለዋስትና ነው፣ አይቆረጥም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ አልተቆረጠም። ታገደ እንጂ። 150 ዶላር። በሁለት ቀን 200 ያህል አጠፋሁና «200 ቀርቶኛል» ብዬ ልቤ ሞልቶ እራት ጋበዝኩ። 60 ዶላር ያህል የሚሆን ሒሳብ መጣ። ማሽኑ እምቢ አለ። ደገምነው። እምቢ። የቀረኝ ለካ 50 ብቻ ነው! እህቴ ከቦርሳዋ ጥሬ ሽልንግ አውጥታ ከፈለች። እስከ ዛሬ ትነግረኛለች፤ ሰው በተሰበሰበበት ጭምር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሆቴል፣ መኪና አከራይ፣ በአንዳንድ አገር ነዳጅ ማደያም ቢሆን፣ ወደፊት ለሚመጣ ሒሳብ ዋስትና እንዲሆን ከካርዳችሁ ላይ የተወሰነ ገንዘብ ያሳግዳል። ክሬዲት ካርድ ላይ ከሆነ የታገደው የባንኩ ብድር ነው፣ አይሰማችሁም። በቅድመ ክፍያና በዴቢት ካርድ ላይ ግን የታገደው የራሳችሁ ገንዘብ ነው። ስትወጡ «ለቀነዋል» ይሏችኋል፤ በባንኩ በኩል እስኪለቀቅ ግን ቀናት ሊወስድ ይችላል። እናንተ ባሕር ዳር ከገባችሁ በኋላ ሊለቀቅ ይችላል። ማስያዣውን በጥሬ ገንዘብ የሚቀበሉ ከሆነ እሱ ይሻላል። ካልሆነም ስንት እንደሚያግዱ አስቀድማችሁ ጠይቁና እንደሌለ ቁጠሩት። እንግዳ መቀበያ ላይ የቆምኩ ሰው ሆኜ ይህን አለማወቄ ነው ያሳፈረኝ።

ሦስተኛው የሲም ካርድ ጉድ ነው። የናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክን ልናይ ፈለግን። ከከተማው አፍንጫ ሥር አንበሳ የሚታይበት ቦታ ነው። የኬንያ ዱር እንስሳት አገልግሎት ፓርኮቹ በር ላይ ጥሬ ገንዘብ አይቀበሉም፤ መንግሥቱ ኢሲቲዝን በሚለው ድረ ገጽ በካርድ ወይም በኬንያው የስልክ ገንዘብ በኤም-ፔሳ ነው የሚከፈለው። ካርዴን አስገባሁ፣ ሁሉንም ሞላሁ። «ወደ ስልክዎ የላክነውን የማረጋገጫ ኮድ ያስገቡ» አለ። ወደ የትኛው ስልክ? ባንኩ ወደሚያውቀው፣ ወደ ኢትዮ ቴሌኮም ቁጥሬ። ያች ሲም ደግሞ በሶፍት ተጠቅልላ እህቴ ቦርሳ ውስጥ ናት፤ ስልኬ ላይ የኬንያ ሲም ገብቷል። መክፈቻ መርፌዋ የለችም። የእህቴን የጆሮ ጌጥ አወለቅን፣ በሱ ጫፍ ከፈትነው፣ ሲሟን ቀየርን፣ ኔትወርክ እስኪይዝ ጠበቅን። ኮዱ ሲመጣ ጊዜው አልፏል።

ከዚህ ሁለት ነገር ያዙ። ከመውጣታችሁ በፊት ሮሚንግ፣ ማለትም የአገር ቤት ሲማችሁ ውጭም እንዲሠራ የሚያደርገውን አገልግሎት፣ አስከፍቱ፤ ለመደወል ባትፈልጉትም ለኮዱ ትፈልጉታላችሁ። ሁለት ሲም የሚይዝ ስልክ ካላችሁ የአገራችሁን ከውስጥ አታውጡ።

ፓርኩን በምን ከፈልን? በኤም-ፔሳ። አሥር ሰከንድ አልፈጀም።

ስለ ኤም-ፔሳ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ወደቡ ላይ ያየሁት ፍጥጫ መልሱ እዚህ ነው ያለው። ኬንያ ውስጥ በ2007 እንደ ፈረንጆቹ ነው የተጀመረው። ለእኛ ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም ሲመጣ እነሱ 14 ዓመት ሆኗቸው ነበር። አትክልት የምትሸጠዋም፣ ጫማ የሚጠርገውም በሱ ይቀበላል። ሳፋሪኮም ወደ እኛም መጥቶ ነሐሴ 2015 ዓ.ም ኤም-ፔሳን ስለጀመረ፣ «እኔ እኮ ኤም-ፔሳ አለኝ» ብሎ የሚሄድ አለ። ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ያንተ ሒሳብ የብር ሒሳብ ነው። የናይሮቢዋ ሻይ ሻጭ የምትቀበለው ሽልንግ ነው።

ጥሩው ነገር ግን በሩ ለእንግዳ ክፍት መሆኑ ነው። ፓስፖርት ይዛችሁ የኬንያ ሲም ታወጣላችሁ፣ ኤም-ፔሳውን እዚያው ያስጀምሩላችኋል። ዶላራችሁን ሽልንግ አድርጋችሁ ለወኪሉ ትሰጣላችሁ፣ ስልኩ ላይ ይሞላል። ከዚያ ሱቅ ስትገቡ «ቲል ቁጥር?» ትላላችሁ፤ የሱቁ መቀበያ ቁጥር ነው። ቁጥሩን አስገብታችሁ፣ የሚስጥር ቁጥር፣ አለቀ። የሻጩ ስም ስለሚመጣላችሁ ከመላካችሁ በፊት አንብቡት። ዳታም አያስፈልግም፤ በ*334# ይሠራል። እኛ ባሕር ዳሮች የዚህን ዋጋ እናውቃለን። በ2016 ዓ.ም የሞባይል ዳታ ተዘግቶ በከረመበት ጊዜ በ*127# ነበር ቴሌብር የምንላላከው። አፕ ውበት ነው፣ ኮከብና መሰላል ግን ነፍስ ነው።

በሩ ዝግ የሆነበት አገር ደግሞ አለ። ስዊድን ሰዎች ሁሉ ስዊሽ በሚሉት በስልክ ይከፍላሉ፣ ብዙ ሱቅም ጥሬ ገንዘብ አይቀበልም። ስዊሽ ግን የስዊድን ባንክ ሒሳብና የስዊድን መታወቂያ ቁጥር ይጠይቃል። ቱሪስት አያገኘውም፤ እዚያ የሚያድነው ካርድ ነው። ለንደን ውስጥ አውቶቡስ ከ2014 እንደ ፈረንጆቹ ጀምሮ ጥሬ ገንዘብ አይቀበልም፣ ካርድ ማስጠጋት ብቻ ነው። ዱባይ ሜትሮ ኖል የምትባል ካርድ አላት፤ ጣቢያው ላይ ገዝቶ መሙላት ነው።

ቻይና ለየት ትላለች፤ ጓንዡ ለሚመላለሱት ትንሽ ልጨምር። እዚያ መንገድ ዳር ብርቱካን የሚሸጠው ሰው የለጠፈው የአሊፔይ ወይም የዊቻት ኪውአር ነው። የቪዛ ካርድ ብታወጡ ዓይኑን ያፈጣል። ድሮ እነዚህ አፖች የቻይና ባንክ ሒሳብ ይፈልጉ ነበር። ከ2023 እንደ ፈረንጆቹ ወዲህ ግን የውጭ ቪዛና ማስተርካርድ ማያያዝ ይቻላል። ከ200 ዩዋን በታች ለሆነ ግዢ ተጨማሪ ክፍያ የለውም፤ ከዚያ ካለፈ 3 በመቶ ይቆርጣል። ስለዚህ እራቱን በአፑ ክፈሉ፣ ለጅምላው ዕቃ ሌላ መላ ፈልጉ። አፑን አውርዳችሁ፣ ፓስፖርታችሁን አስገብታችሁ፣ ካርዱን አያይዛችሁ የምትጨርሱት እዚህ ሆናችሁ ነው፤ የማረጋገጫ ኮዱ እዚህ በቀላሉ ይደርሳችኋላ።

ካርድን ስልክ ውስጥ አስገብቶ በአፕል ፔይ ወይም በጉግል መክፈልስ? ደኅንነቱ ጥሩ ነው። ስልኩ ለሻጩ የሚሰጠው እውነተኛውን የካርድ ቁጥር ሳይሆን ምትክ ቁጥር ነው። ፈረንሳዊው ወደቡ ላይ የዘረጋውም እሱን ነበር። ነገር ግን ካርዱን ያወጣው ባንክ ካልደገፈው ስልኩ አይቀበለውም። ባንካችሁን ጠይቁ፤ ከሌለ ፕላስቲኩ በቂ ነው። ማስጠጋቱን ለሚፈራ ሰው፦ ማሽኑ ካርዱን የሚያየው በጥቂት ሴንቲ ሜትር ርቀት ነው፣ በመንገድ ሲያልፍ ከኪስ አይመጠጥም። ይልቅ የሚያስፈራው ኤቲኤም ላይ የሚስጥር ቁጥር ስትነኩ ከትከሻችሁ በላይ የሚያየው ሰው ነው። በመዳፋችሁ ሸፍኑት።

ኤቲኤም ካነሳሁ፤ ገንዘብ ማውጣት ካለባችሁ በጥቂቱ ደጋግማችሁ አታውጡ። ማሽኑም ባንካችሁም በየጊዜው ሊቆርጡ ይችላሉ። ታይላንድ ለምሳሌ የውጭ ካርድ ሲገባ ከ200 ባህት በላይ የሚቆርጡ ማሽኖች የተለመዱ ናቸው፤ አንድ ሺህ ብታወጡም አሥር ሺህ ብታወጡም ያው ነው።

ጥሬ ገንዘብስ ይቅር ወይ? አይቀርም። እኔ አሁን ብሄድ ካርድ፣ የአገሩን የስልክ ገንዘብ፣ እና ለሁለት ቀን የሚበቃ ጥሬ ገንዘብ እይዛለሁ፤ ሦስቱን በሦስት የተለያየ ቦታ። ካርዱን ለማሳገድ የሚደወልበትን የባንኩን ቁጥር ደግሞ በወረቀት ጽፌ ከፓስፖርቴ ጋር አደርጋለሁ። ስልክ ውስጥ ያለ ቁጥር ስልክ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ብር ይዞ መውጣት ግን ዋጋ የለውም፤ ናይሮቢ ላይ የሚመነዝርላችሁ በቀላሉ አታገኙም።

ስትመለሱ ካርዱ ላይ የቀረውን አትርሱት። ባንካችሁ ሄዳችሁ ቀሪውን መጠየቅ ይቻላል፤ ለሚቀጥለው ጉዞ ማስቀመጥ ከፈለጋችሁም የካርዱን ማብቂያ ቀን እዩት። የእኔ 150 ዶላር በሁለተኛው ሳምንት ተለቀቀች። ኤም-ፔሳዬ ላይ የቀረውን ግን ናይሮቢ አውሮፕላን ማረፊያ ሻይና ብስኩት ገዝቼበት ልጨርሰው ሞከርኩ። አልጨረስኩትም። ሲሟ እንግዳ መቀበያው መሳቢያ ውስጥ በዚያችው ሶፍት ተጠቅልላ ተቀምጣለች፤ 12 ሽልንግ አላት።